«የአብራሪው ስህተት»፦ ጥፋቱ የሰውየው ነው ወይስ የማሽኑ?

ዛሬ ረዘም ያለ ታሪክ ነው ይዤ የመጣሁት፤ ጊዜ ስታገኙ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው ጥያቄ «ማነው ያበላሸው?» የሚል ነው። መኪና ተጋጨ፤ «ሹፌሩ ነዋ!»። ብር ወደ ተሳሳተ ቁጥር ተላከ፤ «አይቶ አይልክም እንዴ?»። እማማ አዲሱን ስልክ መጠቀም አቃታቸው፤ «እሳቸው ድሮም ቴክኖሎጂ አይገባቸውም»። ጥፋተኛ ካገኘን በኋላ ፋይሉን ዘግተን እንሄዳለን። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። እሱንም እንወቅሰዋለን።

ከዚህ ልማድ ለመውጣት የተሞከረበት አንድ ጥሩ ታሪክ አለ። ታሪኩ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ነው፤ መጨረሻው ግን ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክና ከእኛው ሰዓት ጋር ይገናኛል።

✦ ሰው ራሱን ያስማማ

በ1933 አሜሪካ ቺካጎ ከተማ ውስጥ «የእድገት ምዕተ ዓመት» የተባለ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። መሪ ቃሉ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ያለ ሐሳብ ነበረው፦ ሳይንስ ያገኛል፣ ኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ያውለዋል፣ ሰው ደግሞ ራሱን ከዚያ ጋር ያስማማል። ይህን የጻፉት ሰዎች ክፉ ነገር የተናገሩ አልመሰላቸውም። እንዲያውም ኩራት ነበር። ማሽኑ እንደ ተራራ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ሰውየው ይሠለጥን፣ ይልመድ፤ ካልሆነለት ደግሞ የሚችል ሌላ ሰው ይፈለግ። የዘመኑ አስተሳሰብ በአጭሩ ይህ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ አስተሳሰብ አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠመው።

ኦክቶበር 30 ቀን 1935፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ በሚገኘው ራይት ፊልድ የተባለ የጦር አየር ማረፊያ፣ ቦይንግ ኩባንያ የሠራው ሞዴል 299 የተሰኘ አዲስ ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሣ። አራት ሞተር ያለው፣ ለዘመኑ እጅግ የተራቀቀ አውሮፕላን ነበር። ተነሣ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ከዚያ ፍጥነቱን አጥቶ ወደቀና ተቃጠለ። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት ሜጀር ፕሎየር ሂል እና የቦይንጉ የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር በዚሁ አደጋ ሕይወታቸውን አጡ። ሁለቱም ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በሙያቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ።

ሲመረመር ሞተሮቹ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነፋስ የጅራቱን መሪ ክፍል እንዳያንገላታው የሚቆልፍ መሣሪያ ነበረው። ከመነሣታቸው በፊት መፈታት የነበረበት ቁልፍ አልተፈታም። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ «ረሱ፤ የእነሱ ጥፋት ነው» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። አብራሪዎችን ረዘም ላለ ጊዜ ማሠልጠንም ይቻላል። ግን ከእነዚህ ሰዎች የበለጠ የሠለጠነ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አብራሪዎቹ ራሳቸው ሌላ መፍትሔ አመጡ። ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ላይ፣ ከማረፍ በፊት የሚደረገውን ነገር ሁሉ በተራ ጽፈው አንድ በአንድ እያነበቡ ማረጋገጥ ጀመሩ። ዛሬ ቼክሊስት የምንለው ነገር በአቪዬሽን ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። አሁን የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይሠራበታል።

የቼክሊስት ቁም ነገሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም። «የሰው ማስታወስ ልክ አለው፤ ጎበዝ ሰውም ይረሳል» ብሎ በአደባባይ ማመኑ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ መርሳት የስንፍና ምልክት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ የሰው ጠባይ ሆነ።

ያ አውሮፕላንም አልተጣለም። ተሻሽሎ ቢ-17 ተባለና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 12,731 ያህል ተሠራ። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የሚመጣውም ከዚሁ አውሮፕላን ነው።

✦ ትንሿ የጎማ ጎማ

በጦርነቱ ጊዜ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይደጋገም ጀመር። ቢ-17 በሰላም ሄዶ፣ በሰላም ተመልሶ፣ በሰላም አርፎ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳለ በድንገት ጎማውን አጥፎ በሆዱ ይተኛል። ጠላት አልመታው፣ ሞተሩ አልተበላሸ! አብራሪው ራሱ ነው ጎማውን ያጠፈው። ሪፖርቱ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? «የአብራሪው ስህተት»።

በ1943 አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት ሻምበል ያልደረሰ መኮንን ጉዳዩን እንዲመለከት ተደረገ። ሰውየው መሐንዲስ አልነበረም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ወደ አብራሪው ወንበር ሄዶ ተቀመጠና መቆጣጠሪያዎቹን አየ።

ያየው ነገር ቀላል ነበር። ጎማውን የሚያወርደውና የሚያጥፈው ማብሪያ፣ እንዲሁም ክንፉ ላይ ያለውን ፍላፕ የሚያንቀሳቅሰው ማብሪያ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ነበር። አብራሪ ካረፈ በኋላ ፍላፑን መመለስ አለበት። ለሰዓታት በጥይት መካከል በርሮ የመጣ፣ የደከመ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ የተተከለ ሰው እጁን ሰዶ የሚነካውን ማብሪያ ይጫናል። ጣቱ አንዱን ከሌላው በምን ይለየው?

ቻፓኒስ ሌላም ነገር አስተዋለ። ሲ-47 የተባለውን የማመላለሻ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። አገራቸው አንድ፣ ሠራዊታቸው አንድ፣ ድካማቸውም አንድ ነው። የሲ-47 መቆጣጠሪያዎች ግን እንደዚያ ተመሳስለው ጎን ለጎን አልተቀመጡም። እንግዲህ ቢ-17 የሚያበሩት ብቻ ናቸው ደንቆሮዎች? አይመስልም።

መፍትሔው ምን ነበር? ጎማውን በሚቆጣጠረው ማብሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ የጎማ ቅርጽ፣ በፍላፑ ማብሪያ ላይ ደግሞ የክንፍ ዓይነት ሾል ያለ ቅርጽ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣት ራሱ ያውቃል፤ ዓይን አያስፈልገውም። አዲስ ሥልጠና የለም፣ ቅጣት የለም፣ ግሳጼ የለም። ያ ስህተት ጠፋ ማለት ይቻላል።

ዛሬም በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ የማረፊያ ጎማው እጀታ የጎማ ቅርጽ፣ የፍላፑ ደግሞ የክንፍ ቅርጽ አለው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ቅርጻቸውን ሳይቀር ይደነግጋል።

✦ 460 ስህተቶች

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1947፣ ፖል ፊትስ እና ሪቻርድ ጆንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በሰፊው ተያያዙት። አብራሪዎችን «ራሳችሁ የሠራችሁትን ወይም አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲሠራ ያያችሁትን ስህተት በዝርዝር ንገሩን» ብለው ጠየቁ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው «ማን አጠፋ?» አይደለም፤ «ምን ሆነ?» ነው። ሰው ደግሞ ሳይወቀስ ሲጠየቅ ይናገራል።

በመቆጣጠሪያ አጠቃቀም ላይ ብቻ 460 ስህተቶች ተሰበሰቡ። ግማሹ አንዱን መቆጣጠሪያ በሌላው መሳሳት ነበር። ለምን? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአብራሪው አጠገብ ሦስት እጀታዎች አሉ፤ አንዱ የሞተሩን ጉልበት፣ አንዱ ፕሮፔለሩን፣ አንዱ የነዳጅና የአየር ድብልቁን ይቆጣጠራል። በቢ-25 ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጉልበት፣ ፕሮፔለር፣ ድብልቅ ነው። በሲ-47 ላይ ፕሮፔለር፣ ጉልበት፣ ድብልቅ ይሆናል። ሲ-82 ላይ ደግሞ ድብልቅ፣ ጉልበት፣ ፕሮፔለር! ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን የሚያበር ሰው እጁ የለመደውን ይሠራል። ፍሬንና ነዳጅ መስጫቸው የተቀያየረ ሁለት ሚኒባሶች ቢኖሩና አንድ ሹፌር በየቀኑ ቢያፈራርቃቸው አስቡት። ስንት ቀን ይቆያል?

የጥናቱ ርዕስ ላይ «የአብራሪ ስህተት» የሚለው ቃል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን «እናንተ እንዲህ ትሉታላችሁ፤ እስኪ እንየው» የሚል ትልቅ ጥርጣሬ ይዘዋል።

መሣሪያ በማንበብ ላይ ደግሞ 270 ስህተቶች ተሰብስበው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተነሣው የከፍታ መለኪያው ነው። የዚያን ዘመን መለኪያ እንደ ሰዓት ሦስት እጆች ነበሩት፦ አንዱ መቶዎችን፣ አንዱ ሺዎችን፣ አንዱ አሥር ሺዎችን ያሳያል። አብራሪው ሦስቱን አንብቦ በጭንቅላቱ ደምሮ ነው ከፍታውን የሚያውቀው። ዴስክ ላይ ተቀምጦ ላየው ቀላል ነው። በጭጋግ ውስጥ፣ በድካም፣ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ጥናቱ ከወጣ በኋላ ያ መለኪያ ወዲያው ተጣለ? አልተጣለም። ዲሴምበር 24 ቀን 1958 እንግሊዝ አገር ውስጥ አንድ ብሪታኒያ የተሰኘ አውሮፕላን በጭጋግ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ከ12 ሰዎች 9ኙ ሞቱ። አብራሪዎቹ ያንን ባለ ሦስት እጅ መለኪያ በ10,000 ጫማ አሳስተው አንብበውት ነበር። ጥናቱ ከወጣ 11 ዓመት ሆኖታል። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማስተካከል ሌላ። በመካከሉ የሚከፍለው ያው ተጠቃሚው ነው።

✦ ስልካችሁን አውጡ

እስኪ አሁን ስልካችሁን አውጡና ቁጥር የምትደውሉበትን ገጽ ክፈቱ። 1፣ 2፣ 3 ከላይ ነው፣ አይደል? አሁን ካልኩሌተሩን ክፈቱ። እዚያ ላይ ከላይ ያለው 7፣ 8፣ 9 ነው። ስንቶቻችሁ ይህን አስተውላችኋል?

የመደወያው አቀማመጥ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጆን ካርሊን የተባለ በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የተወለደ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1945 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ቤተ ሙከራ ተቀጠረ። እዚያም የሰውን ጠባይ ከስልክ ጋር የሚያጠና ክፍል መሠረተ። በጣት የሚሽከረከረው ስልክ በቁልፍ ሊተካ ሲል፣ የእሱ ክፍል ቁልፎቹን በብዙ ዓይነት አቀማመጥ ደርድሮ ሰዎችን አስሞከረ። በክብ፣ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት፣ እንደ ሒሳብ ማሽን እና በሌላም መንገድ። ማን ፈጠነ? ማን ተሳሳተ? የትኛውን ወደዱት? በመጨረሻ ሦስት በሦስት ሆኖ 1 ከላይ፣ ዜሮ ከታች ያለው ተመረጠ። በ1963 ለሕዝብ ወጣ። ካርድ ስንሞላ «ኮከብ» እና «መሰላል» የምንላቸው ሁለት ቁልፎች ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ስለ ካርሊን አንድ የሚያስቅ ነገር ይነገራል። ኩባንያው የስልኩን ገመድ አሳጥሮ መዳብ መቆጠብ ፈለገ። «ገመዱ ይጠር ወይ?» ብሎ ሰው ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ ማንም እሺ አይልም። ስለዚህ በባልደረቦቹ ስልክ ላይ ማታ ማታ ገመዱን በትንሽ በትንሹ ያሳጥር ጀመር። ከተወሰነ ርዝመት በታች እስኪወርድ ድረስ ማንም ልብ አላለም! ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰው የሚለውን መስማት አይበቃም፤ የሚያደርገውንም ማየት ያስፈልጋል።

✦ «ልኬዋለሁ» እና «ደርሷል»

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ማርች 28 ቀን 1979 ከንጋቱ በፊት፣ ፔንስልቬንያ ግዛት ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ላይ አደጋ ደረሰ። አንድ የእንፋሎት መልቀቂያ ቫልቭ ተከፍቶ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። ማብላያውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በእሱ በኩል ማምለጥ ጀመረ።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች የቫልቩን መብራት አዩ፤ ጠፍቷል። «ተዘግቷል ማለት ነው» አሉ። ችግሩ ግን መብራቱ የተሠራው ቫልቩ መዘጋቱን እንዲያሳይ አለመሆኑ ነበር። የሚያሳየው «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ወደ ቫልቩ መሄዱን ነው። ልጅ ወደ ሱቅ ልካችሁ «ልኬዋለሁ» ማለትና «ደርሷል» ማለት አንድ ነው? ልጁ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት ሊሆን ይችላል እኮ! ሰዎቹ ግን «ልኬዋለሁ» የሚለውን መብራት «ደርሷል» ብለው አነበቡት። ማንም ጤነኛ ሰው እንደዚያ ነው የሚያነበው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ከመቶ በላይ የማስጠንቀቂያ መብራቶችና ደወሎች በአንድ ጊዜ ጮኹ። መልእክት የሚያትመው ማሽን ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀረ። አንደኛው መለኪያ ውሃው የበዛ ስላስመሰለ፣ ሠራተኞቹ የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ውሃ ቀነሱት። ይህም ነገሩን አባባሰው። ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው፣ ለሥራ አዲስ የገባ ሰው ነገሩን በአዲስ ዓይን አይቶ መጠባበቂያው ቫልቭ እንዲዘጋ ያደረገው። በአደጋው የማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ፕሬዚዳንት ካርተር አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። የሚመራው ጆን ኬመኒ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ኮሚሽኑ ሠራተኞቹ መሳሳታቸውን አልካደም። ነገር ግን ሥልጠናው፣ መመሪያው፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አሠራርና የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስተሳሰብ ራሱ ለዚያ ስህተት መንገድ ማመቻቸቱን በግልጽ አስቀመጠ።

ኬመኒ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1964 ከባልደረባው ቶማስ ከርትዝ ጋር ቤዚክ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የፈጠረው ሰው ነው። ቤዚክ የተፈጠረው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነም ሰው ኮምፒውተር ማዘዝ እንዲችል ነበር። ማሽኑን ወደ ሰው ማቅረብ የሕይወቱ ሥራ የሆነ ሰው፣ ማሽኑ ከሰው የራቀበትን አደጋ እንዲመረምር ተመረጠ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይገጣጠማል።

✦ ወደ ቤታችን

«ቲቸር፣ እኛ ኒውክሌር የለን፣ ይህ ምን ይመለከተናል?» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ወደ ቤታችን እንምጣ።

በመጀመሪያ ሰዓታችን። እኛ የምንኖርበት አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጥም። ስለዚህ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለእኛ ፍጹም ትክክለኛ ነገር ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ይቆጥራሉ። ስልካችን ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 7 ይላል። አይተን፣ ስድስት ቀንሰን ነው የምናነበው። ለምደነዋል፤ ግን ያ ባለ ሦስት እጅ ከፍታ መለኪያ ትዝ ይበላችሁ። በጭንቅላት ተሰልቶ የሚነበብ ነገር ሲረጋጉ ይሠራል፣ ሲቸኩሉ ያሳስታል።

ቲኬት ላይ «ማክሰኞ 01:00» ተጽፎ ታያላችሁ። በእኛ አነጋገር ይህ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፤ ሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። «ማክሰኞ» የሚለውን አይቶ ማክሰኞ ማታ አየር ማረፊያ የሚደርስ ሰው አላዋቂ ነው? አይደለም። ቲኬቱ የተጻፈው ሌላ ቀን በሚቆጥር አእምሮ ነው። ቋንቋችን እኮ «አጥቢያ» የሚል ቃል አዘጋጅቶለት ነበር፤ ቲኬቱ ላይ ግን ቦታ የለውም።

ሁለተኛ ስማችን። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም ነው ያለን። ስለዚህ የአባታችንን ስም እንሞላለን። ውጭ አገር ሲኬድ አንድ አባት ከልጁ ጋር ተሰልፎ፣ የእሱ «የቤተሰብ ስም» አንድ፣ የልጁ ሌላ ይሆናል። ሚስትየዋ ደግሞ ሦስተኛ። ከዚያ ማብራራት ይጀመራል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወዳጆቼ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ ፊደላችን። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ታይፕራይተር የተሠራው ከ50 ያነሱ ቁልፎች ላሉት አሠራር ነው። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን በዚያ ማሽን ለማስጻፍ ብዙ ደከሙ። ፊደሉ ተቆራርጦ፣ ቅጥያው ለብቻ እየተመታ ነበር የሚጻፈው። በዚያ ዘመን የነበረውን ክርክር ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ «ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል» የሚሉ ሐሳቦችም ቀርበዋል። ማሽኑን ለፊደሉ ከማስተካከል ፊደሉን ለማሽኑ መቁረጥ ማለት ነው። ያ የቺካጎ መሪ ቃል እዚህም ደርሶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ኮምፒውተር መጣ። መጀመሪያ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ይህ መስተካከል የጀመረው። ይህን ጽሑፍ ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው።

ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ብዙዎቻችን «ሰ» ለመጻፍ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ፊደል ማሰብ አለብን። ለእኔና ለእናንተ ችግር የለውም፤ ለምደናል። የእንግሊዝኛ ፊደል ያልተማሩ፣ ዳዊት ግን አንብበው ያደጉ አባት ቢሆኑስ? በራሳቸው ቋንቋ ለመጻፍ መጀመሪያ የሰው ፊደል ሊማሩ ነው። «ሀ» ስትነካ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ ቤተሰቡን የሚዘረጋ የስልክ ሰሌዳ ደግሞ አለ። እሱን የሠራው ሰው የፊደል ገበታ ላይ እንጨት እየጠቆመ ያደገ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ ያውቃል ማለት ነው። ሁለቱም ቴክኖሎጂ ናቸው። ልዩነቱ ማንን አስበው ተሠሩ የሚለው ላይ ነው።

የመጨረሻው እኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ነው። በማሽን የሚታረም የመልስ ወረቀት ታውቃላችሁ፤ ክቡን ማጥቆር ነው። አንድ ተማሪ 17ኛውን ጥያቄ «ቆይቼ እመለስበታለሁ» ብሎ ይዘላል። ይህ ጥሩ የፈተና ብልሃት ነው፤ እኛው ነን የምናስተምራቸው። ከዚያ ግን የ18ን መልስ 17ኛው መስመር ላይ ያጠቁራል። ከዚያ 19ን 18 ላይ። ጥያቄው አንድ ወረቀት ላይ፣ መልሱ ሌላ ወረቀት ላይ፣ መስመሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሰዓቱ ደግሞ እየሮጠ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ማብሪያዎች ትዝ አሏችሁ? ማሽኑ ይህን ልጅ «አያውቅም» ብሎ ይመዘግበዋል። ልጁ ግን ያውቃል። በየአምስት ጥያቄው አንድ ወፍራም መስመር ቢሰመር፣ አንዱ አምስት ነጭ ሌላው አምስት ግራጫ ቢደረግ ስንቱ ይተርፍ ነበር? ወጪው የቀለም ጉዳይ ነው።

✦ ታዲያ ሰው ጥፋት የለበትም?

አለበት። ጠጥቶ የሚነዳ፣ ሳያነብ የሚፈርም፣ እያወቀ የሚያበላሽ ሞልቷል። ቻፓኒስም ፊትስም «ሰው አይሳሳትም» አላሉም። እንዲያውም «ሰው በእርግጥ ይሳሳታል፤ የት የት ላይ እንደሚሳሳትም አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል» ነው ያሉት። ሰው ይረሳል፣ ይደክማል፣ ተመሳሳይ ነገር ያምታታል፣ እጁ የለመደውን ይሠራል፣ ደወል ሲበዛበት ይደነግጣል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። የታወቀን ነገር ሳያስብበት ማሽን፣ ፎርም ወይም መተግበሪያ የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ስህተት ሠርቷል። ከእሱ በኋላ የተሳሳተው ሰው ሁለተኛ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት አንድ የሥራ ደንብ አለ። አንድ ሰው ሲሳሳት «ሰነፍ» ሊባል ይችላል። ብዙ ሰዎች እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙ ግን ሰዎቹን መውቀስ ትቶ ቦታውን መመርመር ነው። ለአውሮፕላንም ይሠራል፣ ለባንክ መተግበሪያም፣ ለፈተናም። ግማሹ ክፍል አንድ ጥያቄ ላይ ከወደቀ መጀመሪያ የሚመረመረው ጥያቄው ነው።

ከድሮ ተማሪዎቼ መካከል ዛሬ ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ ባንክ ውስጥ ያላችሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ ፎርም የምታዘጋጁ አላችሁ። ለእናንተ አንድ አደራ አለኝ። የሠራችሁትን ነገር ከማውጣታችሁ በፊት አይቶት ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡት፤ ቢቻል ለእናታችሁ ወይም ሰፈር ውስጥ ሱቅ ላላቸው ጋሼ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። «እዚህ ጋ ይጫኑ» አትበሉ። እጃቸው የት እንደሚሄድ ብቻ እዩ። የተሳሳተ ቦታ ከሄደ «አልገባቸውም» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «ለምን ወደዚያ ሄዱ?» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ስትመለሱ ሥራችሁን አስተካክሉ።

እማማም ስልኩ ሲያስቸግራቸው «እኔ እኮ አልተማርኩም፣ አይገባኝም» ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ ዝም ብላችሁ አትስሙ። ቢ-17ን ከጥይት መካከል መልሶ ያመጣው አብራሪም እጁ የሳተው ማብሪያዎቹ ተመሳስለውበት እንደነበር ንገሯቸው።

እስኪ እናንተም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ «እኔ ነኝ ደደቡ» እንድትሉ ያደረጋችሁ፣ ቆይታችሁ ስታስቡት ግን አሠራሩ መጥፎ እንደነበር የገባችሁ ምን ዓይነት ማሽን፣ ፎርም ወይም መተግበሪያ ነው? የድርጅት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አሠራሩን ብቻ ንገሩን። ጥሩ ጥሩዎቹን ሰብስቤ ለዘንድሮ ተማሪዎቼ የውይይት ርዕስ አደርጋቸዋለሁ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።